ላስቲክ የለበሰችው ካሜራ፦ ከቶር ፒኛታራ እስከ ካስቴልኑቮ

ዜናው የደረሰኝ የአሠሪዬን የሲኞራን የአልጋ ልብስ እየተኮስኩ ሳለ ነው። ስልኬ ሽርጤ ኪስ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። እኔ ካውያ በእጄ ይዤ ስልክ የማነሣ ሰው አይደለሁም፤ ካውያውን ነቅዬ፣ አቁሜ፣ እጄን ጠርጌ እስክጨርስ ጥሪው ተቋረጠ። መልሼ ደወልኩ።

«እትዬ ጸዳለ፣ የክርስትናዋ ቀን ተቆረጠ» አለችኝ ትዕግሥት። «የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ ሰማንያ ቀኗን ትጨርሳለች። የክርስትና እናቷ እርስዎ ነዎት፤ ሌላ ሰው የለኝም።»

ትዕግሥት የደሴ ጎረቤቴ ልጅ ናት። በባሕር መጥታ፣ ከሮም በስተ ሰሜን ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ ያለው የስደተኞች መቀበያ ገብታ፣ እዚያው ሳለች ነው የተገላገለችው። ባሏ ሰለሞን መንገድ ላይ ተለያይተው ወደ ካርቱም ተመልሷል፤ ልጁን አላያትም።

እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ሳልጨርስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሌላም አለ። ትራስፌሪሜንቶ ወጥቶብኛል። ከክርስትናው በኋላ ማክሰኞ ወደ ሌላ ከተማ ያዛውሩናል፤ ሰሜን ነው ከማለት በቀር የት እንደሆነ አልነገሩንም። አባቷ ደግሞ የለመነኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ስትጠመቅ ልያት ብሏል። የኔ ስልክ ባሕር ገብቷል፣ ይሄ የተዋስኩት ፎቶ አያነሣም። ፎቶ የሚያነሣ ሰው ያውቃሉ?»

«እኔ አነሣለሁ» አልኩ።

እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። በዕድሜዬ ካሜራ ይዤ አላውቅም። ብቻ ሲኞራ መኝታ ቤት፣ በሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ፣ አራት ዓመት ሙሉ አቧራዋን እየጠረግኩ የምመልሳት አንዲት ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ነበረች። እሷ ታየችኝ መሰለኝ።

ይህ ማስታወሻ ያቺ አንዲት ቃል ያስጓዘችኝን መንገድ የሚተርክ ነው። ሰዓቱን በሀበሻ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በጣሊያን ሰዓት ስጽፍ እሳሳታለሁ።

ሁለተኛው መሳቢያ

ሲኞራ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው። እግራቸው ደክሟል እንጂ አንደበታቸው አልደከመም። ስለ ካሜራዋ ስጠይቃቸው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ።

«የልጄ ነበረች፤ አዲስ ገዝታ ጣለቻት። ውሰጃት። ግን መጀመሪያ በእኔ ተለማመጂ፤ እኔ አልሮጥብሽም።»

ካሜራዋ ስትነካ በራች፣ ዓይኗን አወጣች፣ ሦስት ፎቶ አነሣችና ሞተች። የሦስቱም ጉድ ስክሪኑ ላይ ታየ። በመጀመሪያው ሲኞራ አናት የላቸውም። በሁለተኛው የኔ አውራ ጣት ግማሹን ጋርዶታል። በሦስተኛው ቁጭ ብለው እያዛጉ ነው።

«ስሞት ለመቃብሬ ድንጋይ ሦስተኛውን ስጫቸው» አሉኝ። «ቢያንስ አፌ ክፍት ነው፣ እኔን ይመስላል።»

ቻርጀሯን ብንፈልግ ጠፋ። የአጠቃቀም መመሪያዋም የለም። ውስጧ ያለው ሚሞሪ ደግሞ ሦስቱን ካነሣ በኋላ ሞላሁ ብሏል፤ ለካ ከካሜራዋ ጋር የተፈጠረ፣ ለሙከራ ያህል የሚበቃ ነው። ሁሉንም በደብተሬ ጻፍኩ፦ ባትሪ መሙያ፣ ሚሞሪ፣ ትምህርት።

ሐሙስ ከሰዓት፣ ኤስኲሊኖ

ለቤት ሠራተኛ ሐሙስ ከሰዓት የራሷ ነው። እኔ የምኖረው ቶር ፒኛታራ የሚባል የሮም ሰፈር ነው፤ ከአስናቀች ጋር አንድ ክፍል እንጋራለን። አስናቀችም እንደኔ ሰው ቤት ትሠራለች፤ እኔ እንደ ዝምታዬ እሷ እንደ ወሬዋ ነን። ከሲኞራ ቤት በቀጥታ ኤስኲሊኖ ወረድኩ። ከገበያው ጀርባ ባለው ጎዳና፣ በቅመማ ቅመም ሱቅና በጸጉር ቤት መካከል አንዲት ጠባብ የስልክና የካሜራ ሱቅ አለች። ባለቤቱ ራፊቅ የሚባል የባንግላዴሽ ሰው ነው። የሁለታችንም ጣሊያንኛ የተማርነው በሥራ ስለሆነ በደንብ እንግባባለን።

ካሜራዋን አገላብጦ አየና ፈገግ አለ። «ሲኞራ፣ ይቺ እኮ ጡረታ መውጣት ነበረባት።»

«እስከሚመጣው ሳምንት እሑድ ታገልግል፤ ከዚያ ትውጣ» አልኩት።

የሷ ቻርጀር አልተገኘም። ራፊቅ ግን ብረቶቹ ወዲህና ወዲያ የሚሸሹ፣ ማንኛውንም ባትሪ እንደ መቆንጠጫ የሚይዝ ቻርጀር አወጣ። ባትሪዋን ሰካና ቀዩ መብራት አረንጓዴ እስኪሆን ወንበር ሰጠኝ። ሚሞሪውን በተመለከተ ግን እኔው ነኝ የተሳሳትኩት። ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ውስጥ ትልቁን መረጥኩ። ነገር ስገዛ ትልቁን ነው የምገዛው፤ ሳሙናም ሽንኩርትም እንዲሁ ነው፣ ይበረክታል።

«ያ አይሆንሽም» አለኝ።

«ለምን? አቅም የለኝም ብለህ ነው?»

«አቅሙ የሌላት እሷ ናት። አሮጊት ናት፤ ትልቅ ጉርሻ አትችልም።»

አላመንኩትም። ሊያሳየኝ ትልቁን ሲከትባት ስክሪኑ ላይ ስሕተት የሚል ጽሑፍ መጣ። አውጥቶ ዳግም ከተተ፤ ያው ነው። አፈርኩ። ራፊቅ ግን ሳይኮራብኝ ከጠረጴዛው ሥር የብሎንና የአሮጌ ሲም ካርድ ሳጥን አውጥቶ ብዙ ከፈለገ በኋላ ጥፍር የምታህል የድሮ ሚሞሪ አገኘ። ከተታት። ካሜራዋ ዋጠቻት፣ ጸጥ አለች።

«ስድሳ ያህል ፎቶ ትይዛለች። ስምንት ዩሮ። ባትሪው ግን አርጅቷል፤ አዲስ ባዝልሽ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። በየፎቶው መሃል እያጠፋሽ ተጠቀሚ።»

«ክርስትናው መሃል ላይ ቢሞትብኝስ?»

«የምታምኚው ካለ ለምኚው» አለኝ፤ ሲቀልድ አልነበረም።

ያን ሁሉ ቀን ባትሪውን አማረርኩ። ቢጫው ትሬኒኖ፣ የሰፈራችን ትንሽ ባቡር፣ ላይ ተቀምጬ ወደ ቶር ፒኛታራ ስመለስ፣ ጌታዬ ምነው ሁሉን አሟልተህ ይሄንን አጎደልክብኝ አልኩ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ አፌን ያስያዘኝ እሱው ነው።

እሑድ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት

ከመነሣታችን በፊት አንድ ሐሳብ መጣልኝ። በጥምቀት ጊዜ ጸበል ይረጫል፣ እጅ ቅብዓት ይነካል። የሰው ንብረት ነው፣ መበላሸት የለበትም። ከኩሽና የምግብ መጠቅለያውን ስስ ላስቲክ አወጣሁና ካሜራዋን ከላይ እስከ ታች ጠቀለልኳት። ዓይኗ የምትወጣበትንና የባትሪዋን በር ብቻ በመቀስ ቀደድኩላት። አላረካኝምና ሁለተኛ ዙር ደገምኩ፣ ከዚያም ሦስተኛ ለሥላሴ።

አስናቀች ነጠላዋን እያጣፋች ሳቀች። «ጸዴ፣ የሪሞት ልብስ አለበስሻት አይደል?»

እውነቷን ነው። አገር ቤት የቴሌቪዥናችን ሪሞት ከላስቲኩ ወጥቶ አያውቅም ነበር፤ ቴሌቪዥኑ ተበላሽቶ ሲጣል ሪሞቱ አዲስ ነበር። እንዲህ ነው ያደግነው።

አስናቀች በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ተለያየን። እኔ ትሬኒኖዋን ይዤ ወደ ቴርሚኒ፣ በሜትሮ ወደ ፍላሚኒዮ፣ ከዚያ በሰሜኑ ባቡር ሳክሳ ሩብራ ደረስኩ። ባትሪዋን አውጥቼ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬያታለሁ፤ ካልሠራች አታልቅም ብዬ ነው። ሳክሳ ሩብራ ላይ ሰማያዊውን የገጠር አውቶቡስ አርባ ደቂቃ ጠበቅሁ። እሑድ ስለሆነ ሰው የለም፤ አንድ ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ ብቻ በትሩን ይዞ አጠገቤ ተቀምጧል። መዝሙረ ዳዊቴን ስደግም እሱም ኮፍያውን አወለቀ። ስጨርስ መልሶ አደረገ።

መንገዱ የቴቬሬን ወንዝ ይዞ ይሄዳል። ግራና ቀኙ የታጨደ እርሻ፣ መጋዘን፣ ደግሞ እርሻ። ከተማዋ ኮረብታው ላይ ናት፤ መቀበያው ግን ታች ሜዳው ላይ፣ ከአውራ ጎዳናው አጠገብ ነው። ሁለት ሰዓት ሲል በሩ ላይ ደረስኩ።

ትዕግሥት ከእኔ ቀድማ ቆማለች። ነጭ ቀሚስ ከየት እንዳገኘች እንጃ፤ ሕፃኗን በነጭ ፎጣ ጠቅልላ አቅፋለች።

«አደሩ እትዬ? መንገዱ አደከመዎት?»

«እኔን ተዪኝ፣ ልጄን አሳዪኝ» አልኳት። ፎጣውን ገለጥ አደረገች። ያቺ ፍጡር ግንባሯን ቋጥራ፣ እንደ ፖሊስ፣ ፔርሜሶሽን፣ የመኖሪያ ፈቃድሽን፣ አሳዪኝ በሚል ዓይን አየችኝ። የመጀመሪያውን ፎቶ እዚያው አነሣሁ። ሁለተኛውን ከዘበኛው ጋር፤ እሱ ነው የለመነኝ። «ሰማንያ ቀን ሙሉ በዚህ በር ስትገባ ስትወጣ ያየኋት እኔ ነኝ» አለ።

ረፋድ አምስት ሰዓት፣ ቤተ ክርስቲያን

የምንቀድስበት ሕንፃ የተውሶ ነው። ባለቤቶቹ ጸሎታቸውን ሲጨርሱ እኛ እንገባለን፤ መጋረጃችንን እንሰቅላለን፣ ምንጣፋችንን እናነጥፋለን፣ ጫማችንን እናወልቃለን። የጥምቀቱ ውኃ በትልቅ ነጭ ሳፋ ተዘጋጅቶ ነበር። ዲያቆኑ ማለዳ ቀዝቅዞ እንዳይጎዳት ብሎ ከቤቱ በፔርሙዝ ሙቅ ውኃ አምጥቶ ቀላቅሎበታል። እግዚአብሔር ውለታውን ይክፈለው።

ጸሎቱ ሲጀመር አነሣሁ። አባታችን ውኃውን ሲባርኩ አነሣሁ። ትዕግሥት ከኋላ ቆማ ስታለቅስ፣ ከዚያ ስትስቅ አነሣሁ። በየመሃሉ አጠፋለሁ፣ እንደገና አበራለሁ። ስክሪኑን ለማየት ጊዜ አልነበረኝም፤ ብርሃኑም ዓይኔን ይወጋኛል።

አንድ ነገር ግን እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላሰብኩም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ ባትሪ፣ ስለ ሚሞሪ፣ ስለ ላስቲክ ስጨነቅ ዋናውን ረስቼዋለሁ። አባታችን ዘወር አሉና፣ «የክርስትና እናት ትቅረብ» አሉ።

የክርስትና እናት እኔ ነኝ። ሕፃኗን የምታቅፈው፣ ስለ እሷ የምትናገረው፣ ከውኃው ስትወጣ የምትቀበላት እኔ ነኝ። ሁለት እጅ ነው ያለኝ።

ካሜራዋን ለአስናቀች ሰጠኋት። «የቱን ነው የምጫነው?» አለችኝ። «ከላይ ያለውን» አልኳት። አባታችን እየጠበቁ ነበርና ከዚያ በላይ አላብራራሁም።

ልጄን ታቅፌ ፊቴን ወደ ምዕራብ አዞርኩ፣ ስለ እሷ ሰይጣንን ካድኩ። ወደ ምሥራቅ ዞሬ ስለ እሷ አመንኩ። አባታችን ከእጄ ወስደው ሦስት ጊዜ ነከሯት። በመጀመሪያው ደነገጠች፤ በሁለተኛው አለቀሰች፤ በሦስተኛው ዝም አለች። እኔ ነጩን ፎጣ ዘርግቼ ጠበቅሁ። እርጥብ፣ ሙቅ፣ ከመጠኗ በላይ የከበደች ሆና ክንዴ ላይ ወረደች። ወለተ ሚካኤል ተባለች። ዓለማዊ ስሟ ምሕረት ነው።

ቅብዓ ሜሮኑን ተቀባች፣ ማዕተቧ ታሰረላት። አስናቀች ካሜራዋን መለሰችልኝ። «ሦስቱንም ጊዜ ተጫንኩት» አለችኝ በኩራት። ግንባሯን ሳምኳት፤ ሌላ ምን ልበል።

ሕፃኗ ከቆረበች፣ ቅዳሴውም ካለቀ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሴቶቹ ሽሮና ጎመን አቀረቡ። ትዕግሥትን ማንም ሳያውቃት ሁሉም አጎረሳት። አንዷ ሹራብ አመጣች፣ ሌላዋ «ሰሜን ይበርዳል» ብላ የራሷን ካፖርት አውልቃ ትከሻዋ ላይ ጣለችላት። የሚሞሪዋ የመጨረሻ ቦታዎች በእነሱ ፊት ሞሉ።

አሥር ሰዓት ተኩል፣ ሳክሳ ሩብራ

እናትና ልጅን ለመመለስ ያንኑ ሰማያዊ አውቶቡስ እየጠበቅን ነው። ትዕግሥት አግዳሚው ላይ ሆና ታጠባለች። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ተረጋግቼ ካሜራዋን ከፈትኩና የተነሡትን ማየት ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ብዥ ያለ ነው። ሁለተኛው ብዥ ያለ። የጸሎቱ፣ የሳፋው፣ የሴቶቹ፤ ሁሉም በወተት የተነከሩ ይመስላሉ። ሰው መሆኑ ይታወቃል እንጂ ማን መሆኑ አይታወቅም። ጸበሉ ገብቶባት ይሆን? እኔ አላወቅሁበት ይሆን? አንድ በአንድ እስከ መጨረሻው ሄድኩ፤ ጥርት ያለ አንድም የለም።

ለትዕግሥት አልነገርኳትም። ፀሐይ ገና አለ፣ ልጅቷ ነጭ ልብሷን እንደለበሰች ናት፤ ቢያንስ ይህን አዲስ ላንሣላት አልኩ። ግን ሚሞሪዋ ሞልታለች። ቦታ ለመስጠት መሰረዝ ነበረብኝ። ካሜራዋ በጣሊያንኛ ጠየቀችኝ፤ ሁሉም ይሰረዝ? እርግጠኛ ነሽ? በሕይወቴ ምድጃ ሁለት ጊዜ ሳልፈትሽ ከቤት ወጥቼ የማላውቅ ሰው፣ አዎ ብዬ ተጫንኩ።

ካሜራዋን ከፍ አደረግኩ። «ትዕግሥት፣ ቀና በዪ።» ቀና አለች። ካሜራዋ ጮኸች፣ ባትሪዬ አልቋል አለች፣ ዓይኗን ግማሽ ድረስ መልሳ እዚያው ቀረች።

ከዚያ በኋላ መደበቅ አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኳት። ትዕግሥት ሕፃኗን እኔ ላይ አስቀመጠችና ካሜራዋን ተቀብላ አገላበጠቻት። ከዚያ በጥፍሯ ላስቲኩን ከስክሪኑ ላይ ላጠች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ላስቲኮቹ መሃል የሰው እጅ ላብና የጸበል እርጥበት ገብቶ ነጭ ሆነዋል። ከሥሩ ያለው መስታወት ግን ጥርት ብሎ ሰማዩን ያሳያል።

«እትዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ብዥ ያለው እኮ ላስቲኩ ነው። ፎቶው ደህና ነበረ።»

ምድር ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አውቶቡሱ መጣ። የመቀበያው በር ላይ ስንደርስ ትዕግሥት ጎንበስ ብላ እጄን ሳመችኝ። «ለአባቷ በቃሌ እነግረዋለሁ። እርስዎ ልጄን ተቀብለውልኛል፤ ይበቃኛል።» ብታዝንብኝ ይቀለኝ ነበር። ያ ለአባቷ ልትነግረው ያለችው ቃል እስከ ቶር ፒኛታራ ድረስ ተከተለኝ።

ሐሙስ የሆነው ሰኞ

በማግሥቱ ጠዋት ኩሽና ውስጥ ካሮት እየላጥኩ ሳለ ሲኞራ ከአልጋቸው ጠሩኝ።

«ያ ካሮት ነው ወይስ ሽንኩርት? አፍንጫሽን ሰምቼዋለሁ።»

ነገርኳቸው። ሰሙኝና፣ «ሱቅ ያለውን ሰውዬ ጠይቂው» አሉ።

«ሐሙስ እሄዳለሁ ሲኞራ።»

«ልጅቷ መቼ ነው የምትሄደው?»

«ነገ።»

«አሎራ፣ እንግዲያው ዛሬ ሐሙስ ነው። በዚህ ቤት ሐሙስ ነው ካልኩ ሐሙስ ነው። ጫማሽን አድርጊ። ጎረቤቴ መጥታ ትቀመጣለች፤ ዕድሏ ነው፣ የማወራላት አለኝ።»

ራፊቅ ሱቁን ገና መክፈቱ ነበር። የሆነውን ነግሬው ስጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ። «ከሰረዝሽ በኋላ ስንት ፎቶ አነሣሽ?»

«አንድም። ላነሣ ስል ባትሪው ሞተብኝ።»

እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እንግዲያ ያንን ባትሪ ሳሚው።»

እንደሚገባኝ አድርጎ አስረዳኝ። «አናግራፌ ሄደሽ የአንድን ሰው ስም ከነዋሪዎች መዝገብ ብታሰርዢ ሰውየው ከቤቱ ይወጣል? እዚያው ተኝቷል። የሚወጣው አዲስ ተከራይ ሲገባበት ነው። ባትሪሽ አዲስ ተከራይ አላስገባም።»

ጥፍር የምታህለዋን ሚሞሪ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካት፤ የጠፋ የሚፈልግ ፕሮግራም ከፈተ። አንድ መስመር በዝግታ ይሞላ ጀመር። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ አባታችን ሆይን ደገምኩ። መስመሩ ግማሽ ላይ ቆመ። እንደገና ሄደ። ከዚያ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች አንድ በአንድ ብቅ ማለት ጀመሩ፤ ግንባሯን የቋጠረችው ሕፃን፣ ዘበኛው፣ የዲያቆኑ ፔርሙዝ፣ የትዕግሥት እንባ፣ የትዕግሥት ሳቅ። ጥርት ብለው፣ ቀለማቸው ሳይለወጥ። አምሳ ስምንት ቆጠርኩ። ራፊቅ ወንበሩን ለቀቀልኝ።

በቅደም ተከተል አየናቸው። አባታችን ውኃውን ሲባርኩ። ትዕግሥት ስትስቅ። ቀጥሎ፣ ፎጣ ውስጥ የተጠቀለለች ልጅ።

«የመጠመቋስ?» አልኩ። «በመሃል ሦስት መኖር ነበረበት።»

ራፊቅ ፈለገ፣ ደግሞ ፈለገ። «የተሰረዘም የለም። አልተነሣም።»

እዚያው ሆኜ አስናቀች ጋ ደወልኩ። «የቱን ነበር የተጫንሽው?»

«ከላይ ያለውን። ትንሿን ክብ።»

«ትንሿ ማጥፊያዋ ናት።»

«ለዚህ ነው እንዴ ዓይኗ ስትገባ ስትወጣ የነበረው? እኔ እንደ እኛ ዓይኗን የምታርገበግብ መስሎኝ። ይቅር በዪኝ ጸዴ።»

ተቆጥቼ ይሆናል ብላ ፈርታ ነበር። እኔ ግን ሳቅ ያዘኝ። በአብ ጠፋች፣ በወልድ በራች፣ በመንፈስ ቅዱስ ጠፋች። የነገርኳት እኔ፣ ያላብራራሁላት እኔ። ምን ልቆጣ?

ራፊቅ አምሳ ስምንቱን ከዚያው ከኮምፒውተሩ፣ ትዕግሥት ቀድማ በሰጠችኝ የሰለሞን ቁጥር፣ ወደ ካርቱም ላከልኝ። የተወሰኑትን አጥቦ በፖስታ ሰጠኝ፤ ለፕሮግራሙ ልክፈል ስለው፣ የሚሞሪውን ዋጋ ከፍለሻል አለ። ከዚያ ወደ ሲኞራ ከመመለሴ በፊት ደጁ ላይ ቆሜ ለትዕግሥት ደወልኩላት። በስልኩ ውስጥ እልልታዋን ብቻ ሰማሁ፣ ሕፃኗም ደንግጣ ስታለቅስ።

ወደ ቤት

በዚያ ቀን ማምሻውን ቢጫው ትሬኒኖ ላይ ተቀምጬ ያለፈውን ሳስብ፣ ያማረርኩበትን ሁሉ አንድ በአንድ አስታወስኩ። ሚሞሪዋ ትንሽ ባትሆን ባልሞላችና ለመሰረዝ ባልፈተነችኝ ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ባትሪው ጎበዝ ቢሆን ግን የሰረዝኩት ላይ አዲስ ጽፌበት ለዘላለም ይቀር ነበር። ጌታዬ ምነው አጎደልክብኝ ያልኩት ጉድለት ነው ያተረፈልኝ። እንክብካቤዬ ደግሞ፣ ያ ሦስት ዙር ላስቲክ፣ እንዳላይ ጋረደኝ። አሁን ላስቲክ ያለበስኩትን የሲኞራን ሪሞት ሳይቀር ገልጬዋለሁ። እሳቸውም፣ «ቁጥሩን ለካ ማንበብ ይቻላል» አሉ።

ትዕግሥት ማክሰኞ ተሣፈረች፤ ሰሜን ከተራራ ሥር ያለች ትንሽ ከተማ ደርሳለች። ፎቶዎቹን በፖስታ ልኬላታለሁ፤ ካፖርቱን ለብሳዋለች።

ሰለሞን በሚቀጥለው እሑድ ከካርቱም ደወለልኝ። ድምፁን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ስለ እያንዳንዱ ፎቶ ጠየቀኝ፤ ይሄ ማነው፣ ያ ዘበኛ ለምን ይስቃል፣ የልጄ እግር የማንን ይመስላል። በመጨረሻ፣ «እትዬ፣ ውኃ ውስጥ የገባችበትስ?» አለኝ።

እውነቱን ነገርኩት። በፎቶ የለኝም፤ በክንዴ ግን አለኝ አልኩት። በመጀመሪያው እንደደነገጠች፣ በሁለተኛው እንዳለቀሰች፣ በሦስተኛው ዝም እንዳለች፣ ስትወጣ ምን ያህል እንደሞቀችና እንደከበደች ነገርኩት። ደግሜ እንድነግረው ጠየቀኝ። ደገምኩለት።

እንግዲህ ይህን የምጽፈው በዚያ እሑድ ለነበራችሁ ነው። ላጎረሳችሁ፣ ላለበሳችሁ፣ ውኃ ላሞቃችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን። ደግሞ አባታችን ልጄን ሲነክሯት በሻማው ማስቀመጫ በኩል ስልካቸውን ከፍ አድርገው የያዙ ሁለት ሰዎች በዓይኔ ጫፍ አይቻለሁ፤ ፎጣውን ዘርግቼ ስለነበር ማን እንደሆናችሁ አልለየሁም። እባካችሁ ስልካችሁን ፈልጉልኝ፤ ካርቱም የሚጠብቅ አባት አለ። ብታገኙት ቅዳሴ ስንወጣ ጥሩኝ። ብዥ ብሎ ቢታያችሁ ደግሞ አትሰርዙት፤ መጀመሪያ ላስቲኩን አንሡ።